ጋምቤላን ያቋረጠው ቀስት

ረቡዕ፦ ከአዲስ አበባ እስከ በደሌ

ከፋሲካ በኋላ በሁለተኛው ረቡዕ፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ የጋምቤላ አውቶቡስ ውስጥ ቁጭ ብዬ ነበር። መድረሻዬ ከጋምቤላ ከተማ አልፋ የምትገኘው ኢታንግ ናት። የሚያስኬደኝ ደግሞ አንድ ቀስት ነው፤ የሚወረወረው ሳይሆን በካርታ ላይ «ከዚህ ተነስቶ ወደዚህ ሄደ» ለማለት የሚሳለው። ቀስቱን የሳልኩት እኔ ነኝ፤ በእሱ ምክንያት ከክፍሏ የወጣችው ግን ሌላ ሰው ናት።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል፤ ከሥሩ ልጀምር። ደረጀ እባላለሁ። እንጀራዬ በትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ የሚሰቀሉ ቻርቶችን መሳል ነው። የልብ ክፍሎች፣ የአበባ ክፍሎች፣ የውሃ ዑደት… በሃያ ምናምን ዓመት ስንት ልብ እንደሳልኩ ፈጣሪ ይወቀው። ከሦስት ዓመት በፊት «የዘመናዊው ሰው አመጣጥና ሥርጭት» የሚል ቻርት ሠርቼ ነበር። ከላይ የዓለም ካርታ፣ ከታች ምሥራቅ አፍሪካ ጎላ ብሎ። በታችኛው ካርታ ላይ ሰው ከእኛ አካባቢ ተነስቶ ባሕር መሻገሩን የሚያሳይ ወፍራም ቀይ ቀስት ያስፈልግ ነበር። ከኦሞ ቢነሳ ደግ ነበር፤ እዚያ ግን የራስ ቅል ሥዕል አስቀምጫለሁ። መሃሉን እንዳያቋርጥ ደግሞ «ኢትዮጵያ» የሚለውን ቃል በትልልቁ ጽፌበታለሁ፤ በፊደል አጣጣሌ አልታማም። ፊደሉን ከማንሳት ቀስቱን ማጠፍ ቀለለኝ። በስተግራ ባዶ ከነበረው ከደቡብ ሱዳን በኩል አስነስቼ፣ በጋምቤላ አስገብቼ፣ በፊደሎቹ ራስ ላይ አዙሬ ቀይ ባሕር አደረስኩት። አራሚው የፊደል ግድፈት ፈለገ፣ አላገኘም፤ ቻርቱ ታተመ።

ከዚህ ጉዞ ሁለት ሳምንት በፊት ስልኬ ጠራ። «ጽጌ እባላለሁ፤ ኢታንግ የባዮሎጂ መምህርት ነኝ። ስልክዎን ያገኘሁት ከቻርቱ ግርጌ ነው» አለች። ቻርቱ ለሰባ ተማሪ ስለማይታይ የታችኛውን ካርታ በጠመኔ ሰሌዳው ላይ አስፍታ ሳለችው። ተማሪዎቿ ሰፈራቸውን እንዲያዩበት ብላም ኢታንግን፣ አቦቦን፣ ጎግን፣ ጂካዎን ጨመረችበት። የእኔ ቀስት እነዚህን ሁሉ ረግጦ አለፈ። ተማሪዎቹ በደብተራቸው ገልብጠው ቤት ወሰዱ፤ ቤት ውስጥ ደግሞ አባት፣ እናትና አጎት አየው።

ጋምቤላ ላይ «ማን ቀድሞ መጣ» የሚለው ጥያቄ ለፈተና ብቻ አይጠየቅም። የመሬትም የወንበርም ጥያቄ ነው፤ ሰው ሞቶበታል። ወላጆች ተሰበሰቡ። የወላጅ መምህር ኮሚቴው የቀስቱ ባለቤት መጥቶ እስኪያስረዳ ድረስ ሰሌዳው እንዳይጠፋ፣ ጽጌም ክፍል እንዳትገባ ወሰነ። አስረጂ ካልመጣ ከኢታንግ እንድትዛወርላቸው ወረዳውን ይጠይቃሉ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ሁለት ወር ቀርቶታል፤ ሌላ የባዮሎጂ መምህር የለም።

እኔም በስልክ «እህቴ፣ እኔ ሠዓሊ ነኝ፤ ሳይንሱን የሚያውቁት ሌሎች ናቸው» ብዬ ዘጋሁት። ከዘጋሁት በኋላ ግን ረቂቁን አውጥቼ አየሁት። በማግሥቱ መልሼ ደውዬ «እመጣለሁ» አልኳት።

ለማንኛውም ሦስት መጻሕፍት ይዤ ተሳፈርኩ። ሐቁን ለመናገር ዕቅዴ ቀስቱን በመጻሕፍት መከላከል ነበር። የፊደሉን ነገር ለማንም ላልናገር ቆርጫለሁ።

ትኬቱ አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ብር ነው። ጎኔ የተቀመጠችው በኩሌ የስደተኞች ካምፕ የምትሠራ ነርስ ነበረች፤ ለፋሲካ ቤተሰብ ጋ ሰንብታ እየተመለሰች ነው። ወልቂጤን እንዳለፍን ጭኔ ላይ ያለውን መጽሐፍ አየችና «የሉሲ ነው?» አለችኝ።

«ሉሲ በጣም ትርቃለች፤ የሷ ዘመን በሚሊዮን ነው የሚቆጠረው። ይሄ እኛን ስለሚመስለው ሰው ነው።»

«እና ከየት ነው የመጣነው?»

መለማመጃ አገኘሁ ብዬ ጀመርኩላት። ሊቃውንቱ ራሳቸው አልተስማሙም። አንደኛው ወገን፣ የዛሬው ሰው አፍሪካ ውስጥ ተገኘ፣ ከዚያ ወጥቶ ዓለምን ሞላ፣ በየአገሩ የቆዩትን ጥንታውያን የሰው ዓይነቶች ተካቸው ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ፣ ጥንታውያኑ በአፍሪካም በእስያም በአውሮፓም ነበሩ፤ እየተጋቡና እየተገናኙ ሁሉም በያሉበት አብረው ወደ ዛሬው ሰው ተለወጡ ሲል ኖሯል። የዘር ቅንጣት፣ የዲኤንኤ ምርመራ ሲመጣ አብዛኛው ሚዛን ወደ አፍሪካ አጋደለ፤ ነገር ግን የወጡት ሰዎች ከቆዩት ጋር መዋለዳቸውም ታወቀ፤ ጥቂቱ እስከ ዛሬ በልጅ ልጆቻቸው ደም ውስጥ አለ። አሁን ደግሞ ሦስተኛ ሐሳብ ጎልቷል። አፍሪካም ውስጥ ቢሆን አንድ ሰፈር፣ አንድ መንደር ብሎ መነሻ የለም፤ ሰዎች በአህጉሩ ተበታትነው፣ ሲለያዩና መልሰው ሲቀላቀሉ ኖረው ነው ይላል።

ነርሷ አዳምጣ ስታበቃ፣ «እኛ ጋ አንድ ሰው ሲመዘገብ ‹የትውልድ ቦታ› የሚል መስመር አለ» አለችኝ። «ሰዉ የሚጨነቀው እዚያ መስመር ላይ ነው። እናትየው መንገድ ላይ ወለደች፤ ምን ብለን እንጻፍ?» ጅማ ላይ ጥብስ በላን፤ ጥብሱ ከሥጋው አጥንቱ ይበዛል። በደሌ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ገባን። አልጋ ስድስት መቶ ብር፣ ብርድ ልብሱ ሁለት፤ ሁለቱንም ለበስኳቸው።

ሐሙስ፦ ቁልቁለቱ

ከበደሌ እስከ መቱና ጎሬ መንገዱ በደን መካከል ይጠማዘዛል። ዝናብ ዘንቦ ስለነበር አገሩ ሁሉ አረንጓዴ ነው፤ ከመንገዱ ዳር ማር በጀሪካን ይሸጣል። ቡሬን እንዳለፍን ቁልቁለቱ ጀመረ። መጀመሪያ ሹራቤን አወለቅሁ፣ ቀጥሎ ኮቴን አጣጥፌ መቀመጫ አደረግሁት። ተሳፋሪው ሁሉ እንደዚያው እያወለቀ ነበር። ሜዳው ላይ ስንደርስ በመስኮት የሚገባው ነፋስ ራሱ ይተኩሳል። ኬላ ላይ ወርደን ተፈተሽን። ፈታሹ የጠቀለልኩትን ቻርት ዘርግቶ ጥቂት አየና «ካርታ ነው?» አለ። ነው አልኩት። «በደንብ ያዘው፤ እንዳይቀደድ» ብሎ መለሰልኝ። ቢቀደድ ደስ ባለኝ ነበር።

ጋምቤላ ከተማ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደረስን። በባጃጅ ኒውላንድ ሰፈር ወርጄ አንድ ማረፊያ ያዝኩ፤ አጎበርና ማራገቢያ አለው፤ ማራገቢያው የሚሠራው መብራት ሲኖር ነው። ፀሐይዋ በረድ ስትል ባሮ ድልድይ ድረስ በእግሬ ሄድኩ። ወንዙ በዚህ ወቅት ጎድሎ አሸዋው ወጥቷል፤ ሰው ይታጠባል፣ ልብስ ይታጠባል፣ ሞተር ሳይክልም ይታጠባል። መንገድ ዳር ማንጎ በክምር ይሸጣል፤ በሃምሳ ብር የሰጡኝን ተሸክሜ መመለስ አቃተኝ። እራቴን የተጠበሰ ዓሣ አዘዝኩ። አስተናጋጁ ቁመተ ረጅም፣ ጨዋታ ወዳድ ሰው ነው።

«ኤንጂኦ ነህ?» አለኝ።

«አይደለሁም።»

«መንግሥት?»

«አይደለሁም።»

«እንዴ! ታዲያ ምን ልትሠራ መጣህ?» አለና ከት ብሎ ሳቀ። ቻርት ሠዓሊ መሆኔን ስነግረው ሳቁን አቆመ። «ያ ኢታንግን ያጣላው ካርታ?» አለ። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ደርሷል። ዓሣው ጥሩ ነበር፤ ግማሹን ትቼው ተነሳሁ።

ዓርብ፦ ኢታንግ

ከጋምቤላ ኢታንግ በሚኒባስ ሁለት መቶ ብር ከፈልኩ። መንገዱ ሜዳ ለሜዳ ነው፤ የእርዳታ ድርጅት መኪኖች አቧራቸውን እያለበሱን ያልፉናል። ጽጌ መናኸሪያው ላይ ጠበቀችኝ። የአርባ ዓመት ሴት ትሆናለች፤ ቀጭን፣ ጃንጥላ የያዘች። ያደገችው መቱ ነው፤ ኢታንግ ከመጣች አሥራ ሁለት ዓመቷ። ባለቤቷ ኩሌ ካምፕ የውሃ ክፍል ሠራተኛ ነው።

«ጋሽ ደረጀ፣ ይመጣሉ ብዬ አላሰብኩም» አለችኝ።

«እኔም አላሰብኩም» አልኳት።

በቀጥታ ትምህርት ቤቱ ወሰደችኝ። ተማሪዎቹ ግቢው ውስጥ ካለው ትልቅ ማንጎ ሥር ሂሳብ ይማራሉ። ክፍሉ ተዘግቶ ቁልፉ በኮሚቴው እጅ ስለሆነ በመስኮት አየን። ሰሌዳው ከዳር እስከ ዳር በካርታ ተሞልቷል። ቀስቱን በቀይ ጠመኔ ቀብታዋለች። እኔ ቻርቱ ላይ የሳልኩት የጣት ውፍረት ነበረው፤ ይህ ግን ክንድ ያህላል። በጂካዎ ገብቶ፣ በኢታንግ ላይ ተጋድሞ፣ ወደ ደጋው ይወጣል። የራሴን ሥራ በዚያ መጠን ሳየው አፈርኩ።

«ምን ብለው ነው የተቆጡት?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ሁሉም ተቆጣ፤ ግን በየራሱ ምክንያት» አለች። «አኙዋኮቹ ‹ሰው ሁሉ ከድንበሩ ወዲያ መጣ ይላል፤ እኛን በገዛ አገራችን መጤ አደረግሽን› አሉ። ኑዌሮቹ ደግሞ ‹አልፈው ሄዱ ይላል፤ እዚህ ቤት የላችሁም ማለትሽ ነው› አሉ። ደገኞቹ ነጋዴዎችም አልቀሩ፤ ‹ቀስቱ ወደ እኛ አገር ነው የሚወጣው፤ ምን ልትዪ ነው?› ብለው መጡ።»

ሳቄ መጣ፤ ፊቷን ሳይ ዋጥኩት።

«እምነትሽስ? ይህን ስታስተምሪ አይከብድሽም?»

«ፈተና ላይ የሚመጣውን አስተምራለሁ፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ። ሁለቱ እስከ ዛሬ እኔ ላይ ተጣልተውብኝ አያውቁም። የተጣላኝ ሰው ነው።» ጃንጥላዋን አጠፈችና ዓይን ዓይኔን አየችኝ። «ለመሆኑ ቀስቱ ለምንድን ነው በዚህ የመጣው? መጽሐፉ ላይ ፈልጌ አጣሁት።»

ያን ጊዜ ልነግራት ይገባኝ ነበር። «ነገ ሁሉም ባለበት አስረዳለሁ» አልኳት። ጃንጥላዋን መልሳ ዘረጋች። የምደብቀው እንዳለ የገባት መሰለኝ።

እራት ቤቷ በላን። ባለቤቷ ኮፕ አቀረበልን፤ ከበቆሎ ዱቄት የሚሠራ፣ እንደ ቅንጬ የተፈረፈረ የኑዌሮች ምግብ ነው፤ በዓሣ መረቅ ይበላል። ዓሣውን ሲያወጣልኝ፣ «ጽጌ የዝውውር ማመልከቻዋን ራሷ ጽፋ ጨርሳለች» አለኝ። «‹ከሚያባርሩኝ ልቅደማቸው› ነው የምትለው። የእኔ ሥራ እዚህ ነው፤ ልጆቻችን የተወለዱት እዚህ ነው። ወዴት እንደምንሄድ አላውቅም።» ጽጌ ሳህን ታነሳ ነበር። 

ቅዳሜ፦ ስብሰባው

ሦስት ሰዓት ላይ ክፍሉ ተከፈተ። ወደ አርባ የሚጠጋ ሰው ተማሪ ወንበር ላይ ተጨናንቆ ተቀመጠ። የኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ኡሞድ ናቸው፤ አኙዋክ ናቸው፣ ጡረታ የወጡ ጤና ረዳት፤ በእርጋታ የሚናገሩ ሽማግሌ። ከፊት ለፊታቸው ማማ ኛዳክ ተቀምጠዋል፤ ኑዌር ናቸው፣ ገበያ ላይ ዓሣ ይሸጣሉ፤ ሦስት ልጆቻቸው እዚህ ይማራሉ። ጽጌ በር አጠገብ ተቀመጠች። ጸሐፊው መዝገቡን ገለጠ።

እኔም መጻሕፍቴን ጠረጴዛ ላይ ደርድሬ ለነርሷ ያልኩትን ደገምኩት፤ በላዩ ላይ ጌጥ ጨመርኩበት። አንዱ ሐሳብ፣ ሁለተኛው ሐሳብ፣ ሦስተኛው ሐሳብ። ሰዉ በትዕግሥት አዳመጠኝ። ስጨርስ አቶ ኡሞድ ተነሱ።

«ጥሩ ተናገርክ። መጽሐፍ አስቀምጥ» አሉ። «እኛ ሌላ ነው የምንጠይቀው። እነዚህ ሰዎች፣ ሊቃውንት ያልካቸው፣ በዚህ ነው ያለፈው ብለዋል?» በበትራቸው ቀስቱን ነኩት። «በኢታንግ?»

«በትክክል በዚህ ነው ብለው…»

«አዎ በል፣ ወይም አይደለም በል።»

«አላሉም።»

ክፍሉ ተንጫጫ። ማማ ኛዳክ እጃቸውን አወጡ። «አላሉም ካልክ፣ ማን አለ? ይሄ መንገድ ማን አሳየህ?»

ስምንት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ስጓዝ ያዘጋጀኋቸው ቃላት ሁሉ አፌ ላይ ነበሩ። ልል የምችለው ነገር አልጠፋኝም፤ «በግምት የተቀመጠ ነው» ማለት እችል ነበር። ጽጌን አየኋት። እጆቿን ጉልበቷ ላይ አጣምራ ወለሉን ታያለች።

«ማንም አላሳየኝም» አልኩ። ቻርቱን ዘርግቼ ፊደሎቹን አመለከትኩ። «ቀስቱ በዚህ መሃል መሄድ ነበረበት። እኔ ግን ‹ኢትዮጵያ› ብዬ በትልቁ ጽፌ ነበር። ፊደሉን ላለማንሳት ቀስቱን አጠፍኩት። በስተግራ ባዶ ቦታ ስለነበር ከዚያ ጀመርኩ። ሳይንስ አይደለም። መምህርቷም አይደለችም። እኔ ነኝ።»

ጸሐፊው ብዕሩን ይዞ ቀረ። አቶ ኡሞድ ቻርቱን ተቀብለው መነጽራቸውን አድርገው ፊደሎቹን አንድ በአንድ አዩ።

«ፊደሉ ቆንጆ ነው» አሉ። «ስለዚህ ለፊደል ብለህ ነው በቤታችን ላይ የሄድከው?»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፤ ሳቁ ተዛመተ፤ ከዚያ አንድ ወጣት አባት ተነስቶ ጮኸ፤ ልጁ በዚህ ቀስት ሰበብ ከጎረቤት ልጅ ጋር ተደባድቦ ጥርሱን አጥቷል። እሱን ሳዳምጥ እኔን የሚያሳቅቀኝ ሳቁ ሳይሆን ያ ጥርስ ነበር። ይቅርታ ጠየቅሁት። ፊቱን አዙሮ ተቀመጠ።

አቶ ኡሞድ ዳስተሩን አነሱና ሰጡኝ። «የሳለ ሰው ያጠፋል። ከዚያ እንደገና ሳል፤ የምታውቀውን ብቻ። የማታውቀውን አትሳል።»

አጠፋሁ። ሁለት ሳምንት የሰነበተ ጠመኔ ቶሎ አይለቅም፤ ውሃ አስመጣሁ። ከዚያ አፍሪካን ብቻ ሳልኩ፤ የማውቀውን ብቻ ላስቀምጥ ስል ሰሌዳው ምን ያህል ባዶ እንደሚቀር ገባኝ። በኦሞ አንድ ነጥብ፣ በአፋር አንድ ነጥብ፣ ወደ ላይ ርቆ ሞሮኮ አንድ፣ ወደ ታች ደቡብ አፍሪካ ጥቂት። የእኛን የሚመስሉ የጥንት ሰዎች አጥንት የተገኘባቸው ናቸው አልኩ።

«ጋምቤላስ?» አሉ ማማ ኛዳክ።

«እዚህ የተገኘ የለም።»

«ሰው ስላልነበረ ነው ወይስ የፈለገ ስለሌለ?»

«እኔ እስከማውቀው በደንብ አልተፈለገም። ደግሞ ባሮ በየክረምቱ እየሞላ ደለል ያለብሰዋል፤ ቢኖርም ጥልቅ ነው።»

«እንግዲያው እሱን ጻፍ» አሉኝ። ጋምቤላ ላይ «ገና አልታወቀም» ብዬ ጻፍኩ። በትንሽ ፊደል።

ሦስተኛውን ሐሳብ፣ ሰዎች በአፍሪካ ውስጥ እየተለያዩ መልሰው ሲገናኙ ኖሩ የሚለውን፣ በመስመር ልስል ስል እጄ ቆመ። እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ብስለው ቅርንጫፍ አይመለስም። ሁለት ጊዜ ሞክሬ ሁለት ጊዜ አጠፋሁ። ማማ ኛዳክ ከመቀመጫቸው ሆነው፣ «አዱራ ነው» አሉ።

አዱራ ከኢታንግ በታች ከባሮ ተለይቶ ለብቻው የሚሄድ ወንዝ ነው፤ ሩቅ ሄዶ መልሶ ባሮ ውስጥ ይገባል። አቶ ኡሞድ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ትክክል። አዱራ ይወጣል፣ ይመለሳል። ከተመለሰ በኋላ የቱ የአዱራ ውሃ፣ የቱ የባሮ ውሃ? ማንም አይለይም።» ይህን እንዳሉ ማማ ኛዳክ የሚለይበትን ቦታ በስም ጠሩ፤ አቶ ኡሞድ የለም፣ ከዚያ ከፍ ይላል አሉ፤ አንድ ዓሣ አጥማጅ ሁለቱም ተሳስተዋል አለ። ሰዉ ሁሉ ገባበት። ሩብ ሰዓት ያህል ስለ ሰው ዘር የጠየቀኝ የለም። እኔም ጠመኔ ይዤ ቆሜ፣ ወንዙን እነሱ በሚነግሩኝ መሠረት ሳልኩ፤ ሦስት ጊዜ አሳረሙኝ።

ፀጥታ ሲሆን አቶ ኡሞድ ውሳኔውን ተናገሩ፤ ጸሐፊው ጻፈ። አንደኛ፣ የቀስቱ ባለቤት ስህተቱን አምኗል። ሁለተኛ፣ ቻርቱን አርሞ ይልካል። ሦስተኛ፣ ቲቸር ጽጌ ሰኞ ክፍል ትገባለች። ሰዉ አጨበጨበ። እኔም አለቀ ብዬ መጻሕፍቴን ልሰበስብ ጀመርኩ።

ጽጌ ተነሳች። 

«አመሰግናለሁ። ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። እሳቸውን ሁለት ሳምንት ጠበቃችሁ፤ ከአዲስ አበባ ድረስ። እኔን ግን አንድ ቀን ጠርታችሁ ‹ምን ማለትሽ ነው?› አላላችሁኝም። አሥራ ሁለት ዓመት እዚህ ኖሬያለሁ። አቶ ኡሞድ፣ ሁለት ልጆችዎን አስተምሬያለሁ። ማማ፣ ቤትዎ ለቅሶ ተቀምጫለሁ። እኔ የማልጠየቀው ለምንድን ነው? ደገኛ ስለሆንኩ ነው?»

  ማማ ኛዳክ ቀስ ብለው ተነሱና ወንበሮቹን አልፈው ሄደው እሷ ፊት ቆሙ።

«አይደለም» አሉ። «እኛ ስንጣላ ከቤት ሰው ምስክር አንጠራም። አንቺን ብንጠራ፣ አንቺ ለኛ ብለሽ ነገር ታበርጂያለሽ፤ እንዲያ ነሽ፣ እናውቃለን። ከውጭ ሰው ፈለግን። አንቺ ከውጭ አይደለሽም።»

አቶ ኡሞድ ከመቀመጫቸው፣ «ኛዳክ ያለችው ነው» አሉ። ሁለቱ በዚያ ቀን ያለ ክርክር የተስማሙበት አንድ ነገር ያ ነበር። ጽጌ ታለቅሳለች ብዬ ጠብቄ ነበር። እሷ ግን ወደ ጸሐፊው ዞረች።

«ይጻፍ» አለች። «ሰኞ የሚመጣ ሰው ይህን አልሰማም። ቃለ ጉባኤው ላይ ይጻፍልኝ።»

ጸሐፊው አቶ ኡሞድን አየ፤ አቶ ኡሞድ ማማ ኛዳክን አዩ። ሁለቱም «ጻፍ» አሉት። ጻፈ። ከዚያ አንድ በአንድ እየተነሱ ፈረሙ፤ መጻፍ የማይችሉት የአውራ ጣታቸውን አሻራ አኖሩ። እኔም ፈረምኩ። ጥርሱን ያጣው ልጅ አባትም ፈረመ። ሲያልፍ ትከሻዬን ገፋ አድርጎኝ ሄደ፤ ንዴት ይሁን ይቅርታ አሁንም አላወቅሁም።

ከእሑድ እስከ ሐሙስ፦ መልስ

እሑድ ጽጌ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ መናኸሪያው ድረስ ሸኘችኝ። የዝውውር ማመልከቻው የት እንደደረሰ ጠየቅኋት። «ባለቤቴ ለእሳት ማቀጣጠያ አደረገው» አለች። ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው። ከጋምቤላ በማግሥቱ ተሳፍሬ ዳገቱን ስወጣ ሹራቤን መልሼ ለበስኩ። ጎኔ የተቀመጠው ሰውዬ ከየት እንደምመጣ ጠየቀኝ፤ ከኢታንግ አልኩት። ዘመድ አለህ ወይ አለኝ፤ አሁን አለኝ አልኩት።

ማክሰኞ አመሻሹ ላይ አዲስ አበባ ገባሁ፤ በማግሥቱ ለአሠሪዬ ሁሉንም ነገርኩት። እንደገና ለማሳተም አቅም የለንም አለኝ። ስለዚህ መጋዘን ያሉትን ቻርቶች አንድ በአንድ እያወጣሁ ቀስቱን በነጭ ቀለም እሸፍናለሁ፤ ጋምቤላ ላይ «ገና አልታወቀም» እላለሁ። ባልደረባዬ ባዶው ቦታ አያምርም አለኝ። አያምርም፤ ግን ውሸት አይደለም። ሃያ ምናምን ዓመት መስመር ሳሰምር ከመስመሩ ሥር ሰው እንደሚኖር አንድም ቀን አስቤ አላውቅም ነበር።

ሐሙስ ዕለት ጽጌ የቃለ ጉባኤውን ፎቶ በቴሌግራም ላከችልኝ። ስፈርም በጥድፊያ ስለነበር አራተኛውን ነጥብ አላነበብኩትም ነበር። እንዲህ ይላል፦ «መምህርት ጽጌ የዚህ አገር ሰው ናት።» ከሥሩ አርባ የሚሆን ፊርማና አሻራ አለ፤ የአኙዋክ፣ የኑዌር፣ የደገኛ። ስለ ሰው አመጣጥ የተጻፈ ብዙ አንብቤያለሁ፤ ሁሉም ወገን የፈረመበት ያየሁት ግን እሱን ብቻ ነው።